የተቀበለ ወደ ጋራዡ

ጣሪያው ላይ ያለው ማራገቢያ መብራት ከጠፋ ጀምሮ ቆሟል። ስምረት ግን በየመሃሉ ቀና እያለች ታየዋለች፤ አሁን የሚነሳ ይመስላታል። ፊት ለፊቷ የተቀመጠችው ኑርቶም አብራት ቀና ትላለች። ከዚያ ሁለቱም፣ ያልተፈቀደላቸውን ነገር ሲመኙ እንደተያዙ ሁሉ፣ ዓይናቸውን ወደ ጠረጴዛው ይመልሳሉ።

«እንግዲህ የመጨረሻው ይሄ ነው» አለች ስምረት።

ድምፅዋ ውስጥ ማስፈራራት አልነበረም። ቢኖርበት ኑርቶ ትመርጥ ነበር፤ የሚያስፈራራን ሰው መቆጣት ይቻላል። ስምረት ግን ደክሟታል። የከተማዋን መንገዶች የሚያጸዳው የንጋት ጽዳት ድርጅት የሰው ሀብት ኃላፊ ናት። ድርድሩ ሲጀመር ነፍሰ ጡር ነበረች፤ አሁን ልጇ ቆሞ መሄድ ጀምሯል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ድርጅቱና የሠራተኛ ማህበሩ በዚህ ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ተቀምጠው ያልተባባሉት ነገር የለም። ተጯጩኸዋል፣ ተኳርፈዋል፤ አንድ ቀን ደግሞ ስምረት በንግግሯ መሃል እንባ ሲቀድማት ኑርቶ ተነስታ ውሃ ቀድታላታለች። አሁን የቀራቸው መተያየት ብቻ ነው።

«ጭማሪው በአበል መልክ ይሆናል፤ ዋናው ደመወዝ ላይ አይገባም። የኮንትራት ሠራተኞች በሙሉ ግን ቋሚ ይሆናሉ። ሕክምናውም እንደ ቋሚዎቹ ለልጆቻቸው ጭምር ይሆናል። ከዚህ አንድ እርምጃ አንሄድም። ዛሬ ፋይናንስ ከመዘጋቱ በፊት የተፈረመ ወረቀት ካላደረስኩ በጀቱ ተመላሽ ነው። ለከርሞ እንገናኛለን ማለት ነው። ለከርሞ ደግሞ እኔ እዚህ ወንበር ላይ ልኑር አልኑር አላውቅም።»

የማህበሩ ሊቀመንበር አብዲራሺድ የቆሻሻ መኪና ሹፌር ነው። ከባድ እጆቹን መሪ እንደያዘ ሰው ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ዘርግቶ አስቀምጧቸዋል። ወደ ኑርቶ ዞረ።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ኑርቶ በድርድሩ ላይ የጠራጊዎቹ ተወካይ ናት።

«ለሰዉ እንንገረው» አለች። «የሚቆርጠው ሰዉ ነው።»

ትክክለኛ መልስ ነበር። ተወካይ ሊሰጠው የሚገባ መልስ። ነገር ግን «ቋሚ» የሚለው ቃል ከስምረት አፍ ከወጣ ወዲህ የምትሰማው እሱን ብቻ ነው።

እሷ በየስድስት ወሩ በሚታደስ ኮንትራት የምትሠራ ጠራጊ ናት። ልጇ ሲሃም አስም አለባት። ዛሬ ሌሊት ለሥራ ስትወጣ ልጅቷ ፍራሹ ላይ በትራስ ተደግፋ ቁጭ ብላ ነበር፤ ትንፋሿ በር ስር እንደሚገባ ነፋስ ያፏጫል። «ሂጂ እማ፣ ደህና ነኝ» ብላታለች። ደህና የሆነ ልጅ ደህና ነኝ አይልም። ኑርቶ ከሥራ ስትመለስ ልብሷን ውጭ አውልቃ፣ አራግፋ፣ ታጥባ ነው ልጇን የምታቅፈው። ያም ሆኖ አንዳንድ ቀን የከተማውን አቧራ በገዛ እጇ እየጠረገች ወደ ሲሃም ደረት የምታስገባው እሷ ራሷ ትመስላታለች። አፍ ውስጥ የሚነፋው መድኃኒት ከመንግሥት መድኃኒት ቤት ሲጠፋ ከግል ይገዛል፤ ከግል ሲገዛ ከሌላ ነገር ይጎድላል። ለሌላው ሰው ቋሚነት ጡረታ ሊሆን ይችላል፣ ብድር ሊሆን ይችላል። ለኑርቶ ቋሚነት ያ መድኃኒት አለቀ ብሎ አለመደንገጥ ነበር። የሐኪሙን ቀጠሮ ወደሚቀጥለው ወር አለመግፋት ነበር።

ከቢሮው ወጥተው በኮሪደሩ ሲሄዱ ስልኳን አውጥታ ጎረቤቷ ናፊሳ ጋ ደወለች።

«አሁን እኮ ደውለሽ ነበር» አለች ናፊሳ። «ተኝታለች። ወላሂ ተኝታለች።»

«እንዴት ነው የተኛችው? በጀርባዋ ነው?»

«ናያ፣ አንቺ ኑርቶ፣ እኔም ልጆች አሳድጌያለሁ!»

ስልኩን ዘጋችና ከአብዲራሺድ ኋላ ወደ ግቢው ወጣች።

ግቢው ከጠባቡ መተላለፊያ በኋላ ድንገት ይከፈታል፤ ረጅምና ባዶ፣ መሬቱ በመኪና ጎማ የተደቆሰ ነው። በምሥራቅ በኩል ከፍ ያለው የበሩ ግድግዳ፣ በምዕራብ በኩል የቆሻሻ መኪኖቹ የሚቆሙበት ጋራዥ አለ። ሠራተኞቹ ከሌሊት ጀምረው ጠርገው፣ ጭነው፣ ጠዋት ተሰብስበዋል። ስብሰባው እንደ ወትሮው ጠዋት ነበር የተጠራው። ድርድሩ ግን ሲጎተት፣ ሲጎተት፣ አሁን ከሰዓት ሆኗል። ቀፊራ ገበያ እንኳ በዚህ ሰዓት ጭር ይላል፤ ሻጩ ዕቃውን ሸፍኖ ጥላ ውስጥ ይገባል። እነሱ ግን ምሳቸውን እንኳ በወጉ ሳይበሉ እዚሁ ናቸው። መሬት ላይ የተቀመጠ አለ፣ መጥረጊያውን ተንተርሶ የተኛ አለ፣ ጫማውን አውልቆ እግሩን የሚያሽ አለ።

አብዲራሺድ አሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ወጣ። በአማርኛ ተናገረ፤ ቀጥሎ በኦሮምኛ ደገመው። ከዚያ ኑርቶ ቦታውን ወስዳ በሶማልኛ አስረዳች። አበል ማለት ምን እንደሆነ ስትደርስ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። አበል ጡረታ ላይ አይቆጠርም አለች። ጡረታ የሚወጣ ሰው የሚታሰብለት በደመወዙ ነው፣ ይሄ ጭማሪ ደመወዝ ውስጥ የለም አለች። ይህን ሁለት ጊዜ ደጋገመችው። ለምን እንደደገመችው ራሷ ታውቃለች፤ ልቧ አንድ ወገን ስለሆነ አፏ እንዳያዳላ ፈርታ ነው።

ይህን ስትናገር ኤዶ ሂንዳን አላየቻትም። ሆን ብላ ነበር ያላየቻት።

ሂንዳን ሁሉም «ኤዶ» ነው የሚላት፤ አክስቴ እንደማለት። ከጠራጊዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ ናት፤ ጡረታዋ ደርሷል። ኑርቶ ሥራ የጀመረች ሰሞን፣ አቧራው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ እያለቀሰች ስትጠርግ፣ ትከሻዋን ይዛ ያዞረቻት እሷ ናት። «ነፋሱን ከኋላሽ አድርጊው እንጂ ልጄ፤ ማን ነው ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት የሚጣላ?» ሲሃም የተወለደች ጊዜ ፈረቃዋን ደርባ የሠራችላትም እሷ ናት። ትናንት ቀፊራ ሽንኩርት ገዝተው አንድ ሸራ ስር አረፍ ሲሉ ግን ሂንዳ ሳትጠየቅ ተናግራለች። «ለአንቺ ብዬ እቀበላለሁ ብለሽ እንዳትጠብቂ። አንቺ ጊዜ አለሽ። እኔ ቤቴ ስገባ ይዤው የምገባው ያንን ጡረታ ብቻ ነው። ጭማሪው አበል ከሆነ እንደበፊቱ እምቢ እላለሁ።» ኑርቶም «እሺ ኤዶ» ብላ ሽንኩርቱን ተሸክማላት አብረው ባጃጅ ያዙ። ሌላ ምን ይባላል?

«ገባን?» ብላ ኑርቶ ንግግሯን ጨረሰች።

«ገባን!» አለች ኦብሲዬ። እንደ ኑርቶ የኮንትራት ጠራጊ ናት፤ እሷ ባለችበት ስብሰባ ቀዝቅዞ አያውቅም። «ደመወዝ ባል ነው፣ አበል ውሽማ ነው። ሲያሰኘው ይመጣል፣ ሲያሰኘው ይቀራል።»

«አንቺማ ሁለቱም የሉሽ!» አላት ጫኙ ዋሪስ።

«አንተን አይቼ ነዋ የተውኩት!»

ሳቅ ሆነ። ሳቁ ግን ሩቅ አልሄደም፤ ሙቀቱ ዋጠው።

«በሉ አቦ፣ ይበቃል፤ ተነሱ» አለ አብዲራሺድ። «የተቀበለ ወደ ጋራዡ፣ ያልተቀበለ ወደ በሩ።»

በዚህ ማህበር ድምፅ የሚሰጠው በእግር ነው። ድሮ ወረቀት ይታደል ነበር ይባላል። ማንበብ የማይችሉት አፍረው ሰው የጫረበትን አይተው ይጭሩ ነበር፤ አንዳንዶቹም ወረቀቱን አጣጥፈው ጡታቸው ስር ከተው ወደ ቤት ይሄዱ ነበር። እጅ ማውጣትም ተሞክሯል፤ ሰዉ ማንንም ላለማስቀየም ለእሺታውም ለእምቢታውም እጁን ያወጣል። በመጨረሻ አንድ ሰው፣ ማን እንደሆነ አሁን የሚያስታውስ የለም፣ ለምን ሄደን አንቆምም አለ። ከዚያ ወዲህ ያፈረ የለም። የተቀበለ ወደ ጋራዡ ይሄዳል፣ ያልተቀበለ ወደ በሩ። ኑርቶ በሁለቱ መሃል እየተመላለሰች ትከሻ እየነካች ትቆጥራለች። የራሷን ድምፅ በመጨረሻ ለሊቀመንበሩ ትናገራለች። በዚሁ ዓይነት ሁለት ጊዜ ቆመው ሁለቱንም ጊዜ የድርጅቱን ሐሳብ ጥለዋል።

ሰዉ ተነሳ። ጉልበት እየተያዘ፣ አቧራ እየተራገፈ፣ «ያ ረቢ» እየተባለ ተነሳ። ከዚያ ኑርቶ ያልጠበቀችው ነገር ሆነ። ሰዉ ወደ ጋራዡ ሄደ። አንዱ ተከትሎ፣ ሌላው ተከትሎ፣ እንደ ውሃ ወደ ጋራዡ ፈሰሰ። ወደ በሩ የሄዱት ዋሪስና ከእሱ ጋር የሚጭኑ ጥቂት ወንዶች ብቻ ነበሩ፤ ጃኬታቸውን ራሳቸው ላይ ጥለው ግድግዳውን ተደግፈዋል።

አለቀ፣ አለች ኑርቶ በልቧ። አልሐምዱሊላህ፣ አለቀ። ሲሃምን ልትጠራት ፈለገች። ይዛት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ስትቀመጥ፣ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ መታወቂያዋን ስታቀብል፣ ጸሐፊዋም ቀና ብላ ሳታያት ስትመዘግባት ታያት። እንደማንኛውም ሰው። እንደዚህ እያሰበች መጀመሪያ ያገኘችውን ትከሻ ነካች፣ ሁለተኛውን ነካች፣ ወደ ውስጥ እየገባች ቆጠረች።

ከጋራዡ ፊት ያለው ጥላ ቀዝቀዝ ያለ ነበር። ሰዉ እዚያ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ ገሚሱ መልሶ ቁጭ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፍኗል። ከአንዱ መኪና ጎማ ስር፣ ሁለት እግሯን ዘርግታ፣ ሰፊ ሻሿን፣ ጋርባሳሯን፣ ፊቷ ላይ የጣለች አንዲት ሴት ተቀምጣለች። ኑርቶ ትከሻዋን ልትነካ እጇን ዘረጋችና እጇ በአየር ላይ ቀረ።

«ኤዶ?»

ሂንዳ ጨርቁን ከዓይኗ ገለጥ አደረገች። ፊቷ አመድ መስሏል።

«እዚህ ነሽ?» አለች ኑርቶ።

«የት ልሁን?»

«ትናንት እኮ...»

«ትናንት ትናንት ነው። ራሴ ሊፈነዳ ነው፣ ልጄ። ከሌሊት ጀምሮ እግሬ ላይ ነኝ። እዚያ ፀሐይ ላይ ሄጄ ብቆም ምን እለውጣለሁ? አንድ ሰው ነኝ። ቁጠሪኝና እለፊ።» ጨርቁን መልሳ ጣለችው።

ኑርቶ አልቆጠረቻትም። አላለፈችም። ቀና ብላ ጥላው የሚያበቃበትን መስመር አየች። ሰዉም እዚያው መስመር ላይ ነው የሚያበቃው። አንድም ሰው ከመስመሩ ውጭ አልቆመም። ከመስመሩ ወዲያ ያለው መሬት ነጭ ሆኖ ይነድዳል፤ በነጩ መሬት ማዶ እነ ዋሪስ ግድግዳው ላይ ተለጥፈዋል።

አጠገቧ ኦብሲዬ በካርቶን ቁራጭ ታራግባለች። ኑርቶ ጎንበስ አለችባት።

«ኦብሲዬ፣ ያለፈው ጊዜስ የት ነበርሽ?»

«ምን ያለፈው ጊዜ?»

«ያለፈው ድምፅ። በር በኩል አልነበርሽም? ያኔም እኮ ቋሚ እናደርጋችኋለን ብለው ነበር። አንቺ ኮንትራት ሆነሽ ለምን እምቢ አልሽ?»

ኦብሲዬ ሳቀች። «አቦ ተዪኝ፣ ጠዋት ነበራ! ጠርገን ሞተን መጥተን፣ ፀሐዩ እዚህ ጋራዡ ፊት ቆርቆሮውን ሲያነደው፣ ግድግዳው ስር ደግሞ ደስ ሲል! ሰዉ ሁሉ እዚያ ሄደ። እኔ ብቻዬን እዚህ ቆሜ ልጠበስ?»

ኑርቶ ቀስ ብላ ቀጥ አለች።

ጠዋት። ሁለቱም ጊዜ ጠዋት ነበር። ጠዋት ጥላው በበሩ ግድግዳ ስር ነው፤ ከሰዓት ጋራዡ ፊት ነው። ይህንን የማያውቅ ሰው ግቢው ውስጥ የለም፤ እሷም በየቀኑ ስታየው የኖረችው ነገር ነው። ግን ቆጣሪ ስለሆነች ድምፅ ሲሰጥ አንድ ቦታ ቆማ አታውቅም። ሁልጊዜ እየተራመደች ነው። ፀሐዩም ጥላውም ለሷ እኩል ነበር። እምቢ ብለናል ብላ ስምረት ፊት ስትጮህ፣ አባላቱ ቆርጠዋል ብላ ጠረጴዛ ስትመታ፣ ያን ሁሉ ጊዜ እምቢ ያለው ግድግዳው ነበር እንዴ? በእነዚያ ወራት ሲሃም የተቀመጠችባቸውን ሌሊቶች አሰበች። ትራስ ተደግፋ፣ አፏን ከፍታ። ማን ላይ እንደምትናደድ አጣች።

«ስንት ሆነ?» አብዲራሺድ ከኋላዋ መጣ።

«አልጨረስኩም።»

«በዓይን ይታይ የለ? ከግማሽ በላይ ነው። ቁጥሩን ንገሪኝና ልፈርም።»

ክንዱን ይዛ ከሰው ገለል አደረገችው። በዝቅተኛ ድምፅ ነገረችው። ጥላውን፣ ኤዶ ሂንዳን፣ ኦብሲዬ ያለችውን። አብዲራሺድ እያዳመጠ ወደ ግቢው አላየም። መሬት መሬት ነው ያየው። ያኔ ገባት።

«አይተኸዋል» አለችው።

«ከቢሮ ስንወጣ።»

«አብዲ!»

«ምን ላድርግ?» ድምፁ ተሰነጠቀ። «ንገሪኝ፣ ምን ላድርግ? ሁለት ጊዜ እምቢ ብለን ምን አገኘን? ሌሊት እነዳለሁ፣ ቀን ከነዚህ ጋር እጨቃጨቃለሁ፤ ሚስቴ እንኳ ሊቀመንበር ብላ ነው የምትሰድበኝ። ጥላም ይሁን ምንም ይሁን፣ ቆመዋል። አንቺ ራስሽ ቋሚ ትሆኛለሽ። ሲሃምን አስቢ እንጂ።»

«ስሟን አትጥራ።»

«ለልጅሽ ብዬ ነው።»

«ለኔ ልጅ ብለህ እዚህ ስሟን አትጥራ፣ አብዲ።»

ስምረት ከቢሮው ደረጃ ላይ ወረቀቶቹን እንደ ዣንጥላ ግንባሯ ላይ ይዛ ቆማ ነበር። ንግግራቸውን ሳትሰማው አልቀረችም፤ ወርዳ ወደ ኑርቶ ተጠጋች። የኃላፊነት ድምፅዋን ትታዋለች።

«ኑርቶ፣ እኔ ምንም አላየሁም፣ ምንም አልሰማሁም» አለቻት። «ቁጥር ብቻ ስጡኝ። እኔም እናት ነኝ። ለከርሞ ቋሚ ያደርጋሉ ወይስ ያለውንም ይቀንሳሉ፣ ማንም ቃል ሊገባልሽ አይችልም።»

በክፋት ያለችው አይደለም። ይህ ነው የከበዳት። ኑርቶ የስምረትን ዓይን አየች፤ ከሥሩ ጠቁሯል፤ ሌሊት ልጅ ይዛ የምትነሳ ሴት ዓይን ነው። አንድ ቁጥር መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ቁጥሩም ውሸት አይሆንም፤ ሰዎቹ እዚያ ናቸው። ነገ ሌሊት ከነሱ ጋር መጥረጊያ ይዛ ትወጣለች፣ ከነገ ወዲያም። ኤዶ ሂንዳ ምንም አትላትም። አንድ ቀን ጡረታዋን ተቀብላ ስትመለስ እንኳ ምንም አትላትም። ደክሞኝ ነበር ብላ ራሷን ነው የምትወቅሰው።

ኑርቶ ያን መሸከም አልቻለችም። ሲሃምን እያሰበች ያን ለመሸከም ሞከረች፤ አልቻለችም። ሄዳ ጎማው ላይ ወጣች።

«ስሙኝ!»

ጥቂቶች ዓይናቸውን ገለጡ።

«ቁጠራው አልሆነም። ቦታ እንቀያይራለን። የተቀበለ ወደ በሩ ይሂድ፤ ያልተቀበለ እዚህ ጋራዡ ፊት ይቁም።»

ጉርምርምታ ተነሳ። «ምን ሆነች ይቺ?» አለ አንዱ። «ፀሐይ መቷታል» አለ ሌላው። በር በኩል ዋሪስ ቀድሞ ገባው፤ ጃኬቱን ከራሱ ላይ ገፎ እየሮጠ መጣ። «አላህ ይስጥሽ ኑርቶ! እኔ ጨርሼ ተጠብሻለሁ፣ አሁን ደግሞ የእናንተ ተራ ነው!» እያለ ጥላው ውስጥ ዘሎ ገባ፤ ጓደኞቹም ተከተሉት። አሁን ሁሉም ሰው አንድ ላይ ሆነ። በር በኩል ማንም የለም።

«አብደሻል» አለ አብዲራሺድ ከሥሯ፣ ጥርሱን ነክሶ። «እሺ ለማለት ብሎ ማን እዚያ እሳት ውስጥ ይገባል?»

«የፈለገ።»

«ይሄስ ፍርድ ነው?»

ፍርድ አልነበረም። ታውቃለች። ከጥላ ያልወጣ ሁሉ እምቢ ብሏል ማለት አይደለም። ግን ወጥቶ የቆመ ሰው እሺ ማለቱን ማንም አይጠራጠርም፤ እሷም አትጠራጠርም። ከዚህ የተሻለ ነገር አልመጣላትም። የሚያስብ ራስ አልቀራትም።

በሶማልኛ ደገመችው። ኦብሲዬ፣ ሳትለመን፣ ለሌሎቹ በኦሮምኛ አሰማችው፤ ይህን ጊዜ ቀልድ አልጨመረችበትም።

«ማን ይቆጥር?» አለ አብዲራሺድ።

«አንተ ቁጠር። እኔ ዛሬ እቆማለሁ።»

ከጎማው ወረደች። በሰዉ መሃል ስታልፍ እግሮች እየተሰበሰቡ መንገድ ሰጧት። ሂንዳ ጨርቁን ከፊቷ አንስታ ታያት ነበር፤ ኑርቶ ዓይኗን አልሰበረችም፣ ደግሞም አልቆመችም። የጥላውን መስመር ተሻገረች።

ሙቀቱ መጀመሪያ ያረፈው አናቷ ላይ ነው፤ ቀጥሎ የጫማዋ ስስ ላስቲክ የመሬቱን ግለት አሳልፎ ሰጣት። ግቢው ከዚያኛው ዳር ሲያዩት እንዲህ ሩቅ አልነበረም። የጋርባሳሯን ጫፍ ግንባሯ ላይ ጎትታ ሄደች። አንድ ሰው ይከተለኝ አለች በልቧ፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች፣ ምክንያቱም የሚከተላት ሰው እንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ነው የሚራመደው። አንድም ሰው ባይመጣ ሲሃምን ምን ብላ እንደምታያት አታውቅም። ሁሉም ቢመጣ ሂንዳን ምን ብላ እንደምታያት አታውቅም። የምታውቀው እሷ ራሷ የምትፈልገውን ነው፤ እሱን ይዛ በሰዉ ሁሉ ፊት በራሷ እግር ወጥታለች።

ግድግዳው ዘንድ ደረሰችና ቆመች። ፊቷ ወደ ግድግዳው ነበር። መዞር ፈራች። ከኋላዋ ምንም ድምፅ የለም። ከግድግዳው ማዶ አንድ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ።

«ናያ ኑርቶ!»

የሂንዳ ድምፅ ነበር። ተቆጥቷል፤ ልጇ መንገድ መሃል ስትጫወት ያየች ሴት የምትቆጣውን ቁጣ።

«ሆስካ ሶ ገል! ወደ ጥላው ግቢ እንጂ! ራስሽን ልትስቺ ነው ወይ?»

ኑርቶ ዓይኗን ጨፈነች። እናት ሆና ነው የምትጠራት ወይስ እምቢ ብላ ነው? ከሁለቱ አንዱን ለይታ ብታውቅ ትዞር ነበር። ጀርባዋ ላይ ላብ ወረደ።

ከዚያ ከኋላዋ ጫማ ሲጎተት ተሰማ። መጀመሪያ አንድ፣ ቀስ ያለ፣ መሬቱን እየፋቀ። ቀጥሎ ሌላ። ከዚያ ጉርምርምታ፣ የሰው መነሳት፣ የኦብሲዬ ድምፅ «ቆይ፣ ቆይ፣ የኤዶን እጅ ያዥላት» ሲል። ወደ እሷ ይምጣ፣ ወደ ጋራዡ ጥግ ይሽሽ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ልታውቀው አልቻለችም። አንገቷ አልዞር አላት።

የጋለውን ግድግዳ በመዳፏ ተደግፋ፣ ሰው ከመጣ የሚቆምበት እንዲያገኝ ወደ ጥግ ጠጋ አለች።